እኔ ወጥ ቤት፣ መሣሪያዋ ሳሎን

ይህ የሆነው በሰማንያዎቹ መጨረሻ፣ ላፍቶ ገና ግማሹ እርሻ በነበረበት ጊዜ ነው። የማልረሳው በአንድ ቀን ሁለት ነገር ስላገኘሁበት ነው። አንዱ ባል ነው፣ ሌላው እስከ ዛሬ ለማንም ያልተናገርኩት ውሸት።

ሰው በቀን ምን ያህል ጭስና አቧራ እንደሚተነፍስ የሚያጠኑ የጤና ባለሙያዎች ሰፈራችን መጡ። የእናቴ ሳል ከሦስት ቤት በላይ ይሰማ ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ ያሳላት የወጥ ቤታችን ጭስ መሆኑን አንድ ሰው ለክቶ ቢነግራት ብዬ ለጥናቱ ፈቃደኛ ሆንኩ።

የመጣው ባለሙያ ትሁት ወጣት ነበር። የሳሙና ማስቀመጫ የምታክል፣ እዝዝ የምትል መሣሪያ ወገቤ ላይ አሰረልኝ። ከእሷ የወጣች ቀጭን ቱቦ ኮሌታዬ ላይ በመቆንጠጫ ትያዛለች፤ ጫፏ ላይ አየሩ የሚጣራበት ነጭ ወረቀት አለ። በየግማሽ ሰዓቱ የት እንደነበርኩ የምጽፍበት ደብተርም ሰጠኝ።

"አንቺ ያለሽበትን አየር ካልሳበች ምንም ዋጋ የላትም። ሃያ አራት ሰዓት እንዳትለይሽ፣ አደራ" አለኝ።

ያሰረልኝ ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላይ ነው፤ የሚወስዳት እሑድ ስድስት ሰዓት። እሑድ ከሰዓት ደግሞ ግርማ ሽማግሌ ይልካል።

ከግርማ ጋር ዓመት ሙሉ ተደብቀን ተዋደናል። አባቴ ግን ከዚያ በፊት ሁለት ጠያቂ የመለሰ ሰው ነው፤ አንዱን የሽማግሌው ጫማ ስላልተወለወለ። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ ምን እንደሚሉ አስቀድመን ተነጋገርን። ግርማ ሠላሳ ዓመቱ ነው፣ የራሱ ቤት አለው፣ መጠጥ በአፉ አይዞርም። ሦስቱም ውሸት ነበር።

እሑድ ጠዋት ልብሴን ልቀይር መሣሪያዋን ፈትቼ ሳሎን፣ ካሌንደሩ አጠገብ ሚስማር ላይ ሰቀልኳት። ቀሚሴን እንደለበስኩ በሩ ተንኳኳ። ሽማግሌዎቹ ከሰዓት መባሉን ትተው ከቅዳሴ በቀጥታ መጥተዋል። የምትጠየቅ ልጅ ሳሎን አትገኝም፤ ሮጥኩ። ወጥ ቤት ገብቼ ኮሌታዬን ስነካ ባዶ ነው።

ወጥ ቤታችን ከሳሎኑ ጀርባ የተለጠፈች፣ መስኮት የሌላት የቆርቆሮ ክፍል ነበረች። ዶሮው ተጥዷል፣ እንጨቱ እርጥብ ነው። እናቴ እንግዳ ልትቀበል ስትወጣ እኔ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ። እንዳልስል የነጠላዬን ጫፍ አፌ ውስጥ ጠቀጠቅኩ።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ናቸው። እንደ ወጉ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብለው ቆሙ። ትልቁ አቶ ደምሴ "ልጃችን ግርማ…" ብለው ጀመሩና ቀጥ አሉ። እናቴ በኋላ እንደነገረችኝ ዓይናቸው ሚስማሩ ላይ አርፎ ነበር።

"ይቺ የምትጮኸው ምንድን ናት?" አሉ።

አባቴ ሁለት ጊዜ አስረድቼው ነበር። እሱም በገባው መጠን "ለጥናት ነው የሰጡን። እዚህ ቤት ያለውን ሁሉ እየሳበች ትይዛለች፤ በኋላ ወስደው ያዩታል" አለ።

ያኔ ሰው ድምፅ የሚቀዳ ቴፕ ይፈራ ነበር፤ መሣሪያዋ የሚሉትን ሁሉ የምትቀዳ መሰላቸው። ከዚያ አቶ ደምሴ ፍርድ ቤት እንደቆመ ምስክር ድምፃቸውን አስተካከሉ።

"ደምሴ እባላለሁ። ልጁ ሠላሳ ሰባት ዓመቱ ነው። ቤቱ ኪራይ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ይጠጣል፤ ሲጠጣ ይዘፍናል እንጂ አይሳደብም።"

ማንም ሳይጠይቃቸው ሁለተኛው ሽማግሌ "ያንኮራፋልም" ብለው ጨመሩ።

አለቀልኝ አልኩ። እንባዬ ይወርዳል፤ ከጭሱ ይሁን ከግርማ አላውቅም። አባቴ ዝም አለ። ያንን ዝምታ አውቀዋለሁ፤ ሁለቱን ጠያቂዎች የመለሳቸው ከእንዲያ ያለ ዝምታ በኋላ ነው። ከዚያ ጉሮሮውን ሲጠርግ ሰማሁ። ፊቱን ወደ ሚስማሩ አዙሮ ነበር አሉ።

"እንግዲህ እኔም አልዋሽም። ልጄ ወጥ አትችልም። ጠዋት ደግሞ አትነካም፤ ያናገራትን ሁሉ ትቆጣለች።"

አቶ ደምሴ ትንሽ አሰቡና "ግርማ እስከ አራት ሰዓት ይተኛል" አሉ።

አባቴ ሳቀ። እንደዚያ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም። "እንግዲያው ተቀመጡ" አለ። በቤታችን ደጅ ሳይመላለስ እሺ የተባለ ሽማግሌ እነሱ ብቻ ናቸው።

ስድስት ሰዓት ላይ ባለሙያው ሲመጣ መሣሪያዋን መልሼ ታጥቄያለሁ። ወረቀቱን አውጥቶ አየና ደስ አለው፤ ከጠበቀው በላይ ነጭ ነው። እኔ ፊቱ ቆሜ እስላለሁ፣ ዓይኔ በርበሬ መስሏል፣ ፀጉሬ ጭስ ጭስ ይላል። ደብተሩን ገልጦ ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት ያለው ባዶ መሆኑን አሳየኝና የት ነበርሽ አለኝ። ግድግዳ ላይ ተለጥፌ ስለ ባሌ ማንኮራፋት እየሰማሁ ነበር እንዴት ይባላል? አፈርኩ። "ሳሎን" ብዬ ጻፍኩ።

ግርማ እውነትም ያንኮራፋል። ከሠርጋችን በፊት የወጥ ቤቱን ቆርቆሮ በስቶ መስኮት ያወጣለትም እሱ ነው። የእናቴ ሳል ግን እስከ መጨረሻዋ አልለቀቃትም። የኛ ቤት አየር ንጹሕ ነው ተብሎ የሆነ ቦታ ተጽፎ እንደሆነ ሳስብ ሳቄ ይጠፋል። ያን ቀን ከዚያች መሣሪያ ፊት የቆመ ሁሉ እውነቱን ሲናገር የዋሸኋት እኔ ብቻ ነኝ።

ያ ወጣት ይህን ካነበበ ደብተሩን ያርምልኝ። ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት ወጥ ቤት ነበርኩ።