የቀኝ እጅ ማርሽ

ወንድሜ ከሞተ ወዲህ ብዙ ነገር አልጀምርም። የጀመርኩትንም እምብዛም አልጨርስም። አንዱን ግን ጨርሻለሁ። እንዴት እንደጨረስኩት ልጻፍ።

ወንድሜ የሚኒባስ ሾፌር ነበር። በአሥር ዓመት ስለሚበልጠኝ ጋሼ ነው የምለው። መጀመሪያ ያመመው ግራ ጉልበቱን ነው። ቀኑን ሙሉ ፍሪሲዮን ሲረግጥ ይውላል፤ ድካም ነው ብለን ተውነው። ቆይቶ እግሩ ጨርሶ እምቢ አለ። ያኔ ሚኒባሱን ለባለቤቱ አስረክቦ አንዲት አሮጌ አውቶማቲክ የቤት መኪና ገዛ። ኮንትራት ሊሠራባት ነው። አውቶማቲክ ፍሪሲዮን የላትም፤ ግራ እግር ሥራ አይኖረውም።

ግን አልወደዳትም። ልደታ ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ሲያቆማት የድሮ የሥራ ጓደኞቹ መስኮቱን ተደግፈው ይቀልዱበታል።

«አንተ፣ አሁን ትነዳለህ ወይስ ትሳፈራለህ?»

«ተወው ባክህ፣ ጡረታ ወጥቷል!»

«ሂዱ ከዚህ፣ ወሬኞች» ይላቸዋል እየሳቀ። ሲሄዱ ግን ቀኝ እጁ ማርሹ ላይ ይቀራል። የሚቀይረው ነገር የለም።

ከማርሹ ጎን የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበት ቦታ ነበር። ማርሹን ወደዚያ ስበህ ስትነካው መኪናዋ በእጅህ ትጨምራለች፣ ትቀንሳለች። በሱ ብቻ መጫወት ይችል ነበር። ነገር ግን የውድድር መኪኖች ከመሪው ጀርባ፣ በግራና በቀኝ፣ በጣት የሚሳብ ማርሽ እንዳላቸው ስልክ ላይ አየ። እሱን ካልሠራሁ አለ።

«ከዚያ ይምጡና ይሳቁብኝ» አለኝ።

የአልሙኒየም መስኮት ከሚሠራ ጎረቤታችን ቁራጭ ለመነ። ምላስ የመሰሉ ሁለት ቅጠሎች ቆርጦ ጠርዛቸውን ሞረደ። ከእያንዳንዳቸው ሥር የበር ደወል መጫኛ አደረገ። ከመጫኛው ሽቦ ይነሣና በመሪው ሥር አልፎ እስከ ማርሹ ይወርዳል። ግራው ይቀንሳል፣ ቀኙ ይጨምራል። ግራውን ራሱ በየደው። አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። ሲስበው ሞተሩ ጮኸና መኪናዋ ያዝ አደረገች።

«አየህ ማሙሽ? ታዘዘች!»

ቀኙን ሳይሠራ ሆስፒታል ገባ። ሲወጣ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር።

«ቀኙን አንተ ጨርስልኝ። እኔ አጠገብህ ሆኜ አሳይሃለሁ» አለኝ።

እሺ አልኩ። ቅዳሜ አልኩ። ቅዳሜ ደከመኝ። ልደታ ፍርድ ቤት አጠገብ ፎቶ ኮፒ ቤት ነበር የምሠራው፤ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ነው የምውለው። ግን ድካም ብቻ አልነበረም። እንዴት ልበለው። ያ ነገር ካለቀ የሚጠብቀው ነገር አይኖረውም ብዬ ፈራሁ።

«ዛሬ ነው እንግዲህ?» ይለኛል።

«ነገ፣ ጋሼ።»

እንዲህ እንዳልኩ ሞተ።

ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላ እማዬ፣ «አርባው ይውጣና መኪናዋ ትሸጥ። ቆማ እያየኋት መኖር አልችልም» አለች። አልተከራከርኳትም። አንድ ደላላም ገዢ አለኝ ብሏል። እንግዲህ እስከ አርባው ድረስ ቀኙን መጨረስ ነበረብኝ። ለማን እንደሆነ አላውቅም። እሺ ብዬው ነበር።

ከሥራ ስመለስ መሪው ሥር ያለውን ክዳን ፈታሁት። የግራው ሽቦ መሪው ሥር ሦስት አራት ጊዜ ተጠምጥሞ አገኘሁት። ዝርክርክ ብሎ ነበር። ታሞ ስለሠራው ነው ብዬ አዘንኩ። ገዢው ከፍቶ ሲያይ ሥራው እንዳይናቅበት፣ ሽቦውን ቆርጬ አሳጠርኩትና አስተካክዬ ቀጠልኩት። ቀኙንም እንደዚያው ልክክ አድርጌ በየድኩ። ቆማ ስሞክራት ሁለቱም ሠሩ። ደስ አለኝ።

ከግቢው ልወጣ በሩ ላይ መሪውን እስከ መጨረሻው አዞርኩ። ቀጭ አለ። የግራው ሽቦ እሱ ከበየደበት ተነቅሎ ወጣ። ቀኙም ተከተለ።

ያኔ ነው የገባኝ። መሪ ይዞራል። ሽቦው አብሮ እንዲዞር ነበር ትርፍ የተወለት። ሾፌር ነበር፤ እሱ ይህን አይስትም። እኔ ግን ከሱ የቀረውን አንድ ያለቀ ሥራ አሳምርለታለሁ ብዬ በገዛ እጄ አጠፋሁት።

የግቢው ዘበኛ መጡ። «ምነው ልጄ፣ ጠፋችብህ እንዴ? ልግፋልህ?»

«አይ አባባ፣ አልጠፋችም። እግዜር ይስጥልኝ።»

ሞተሩ እየሠራ ብዙ ቆየሁ። ከኋላዬ ክላክስ ሲያደርጉብኝ ነው የተነሣሁት።

ረጅም ሽቦ ገዝቼ እንደገና ሠራሁት። እሱ እንደጠመጠመው ጠመጠምኩት። የሱ ብየዳ ትንሽና ጥርት ያለ ነበር፤ የኔ ጎርባጣ ሆነ። ሁለቱም ጎን አሁን የኔ ናቸው።

በአርባው ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ እማዬ ከፊት ተቀመጠች። ለባቡሩ ብለው መንገዱን ስለቆፈሩት ዞረን ነበር የምንሄደው። ቁልቁለቱ ላይ ግራውን ሳብኩ። ሞተሩ ጮኸ። እማዬ በሩን ጨበጠች።

«ምነው? ተበላሸች?»

«አይደለም እማዬ። ማርሽ ነው። ጋሼ የሠራው።»

ጎንበስ ብላ አየችው። «ይሄ ቆርቆሮ?»

«አዎ። ይሄ ይቀንሳል፣ ያኛው ይጨምራል።»

«ሁለቱንም እሱ ነው የሠራው?»

ቀኙ የኔ ነው ማለት እችል ነበር። ከዚያ ግን የግራውም ይመጣል። ምን እንዳደረግሁት ይመጣል።

«ሁለቱንም» አልኳት።

ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለሰች። ቁልቁለቱ አልቆ ሜዳው ላይ ስንደርስ፣ «እስቲ የሚጨምረውን ንካው» አለችኝ።

ቀኙን ሳብኩ። ዳሽቦርዱ ላይ ሁለት የነበረው ሦስት ሆነ። የሞተሩ ድምፅ ቀለል አለ፣ መኪናዋም ሄደች።

«እሰይ የኔ ልጅ» አለች። ለእሱ ነበር የተናገረችው። ወደ እኔ አላየችም።

ብዙ አልሄድንም። መንገዱ ከፊታችንም ተቆፍሮ ነበር፤ መቀነስ ነበረብኝ።