ሐኪሙ ሳይቀምስ ወጣ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ሱሪዬን የያዘልኝ ቀበቶ አልነበረም፤ ሲባጎ ነበር። ከእንስሳት ጤና ረዳትነት ሥልጠና ወጥቼ ሮብ ገበያ ክሊኒክ ስመደብ አጥንቴ ብቻ ነበር የቀረው። የክሊኒኩ ኃላፊ አቶ ምናሉ ከእግር ጥፍሬ እስከ ራስ ጠጉሬ አዩኝና «ይህንንስ የጮቄ ነፋስ ይወስደዋል» አሉ። ወንበር እንኳ ሳያሳዩኝ የማዋለጃ ገመዱን፣ ጓንቱንና የሳሙናውን ጣሳ አሸክመውኝ ወደ ገጠር ይዘውኝ ወጡ።

የጠራን ቤት አንዲት ጊደር ምጥ ይዟት አድራለች። የጥጃው አንገት ወደ ኋላ ታጥፏል። አቶ ምናሉ ክንዳቸውን ቢያስገቡ ቦታ አጡ። «ና፣ ቅጥነትህ ዛሬ ይጥቀመን» አሉኝ። ጭቃው ላይ በደረቴ ተኝቼ እጄን እስከ ትከሻዬ አስገባሁ፤ እሳቸው ከላይ ሆነው እየነገሩኝ አንገቱን አቃናሁ፤ ገመዱን እግሮቹ ላይ አሰርኩና አብረን ሳብን። ጥጃው ወጥቶ አስነጠሰ። እንዲህ ያለ ደስታ ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር።

ልንወጣ ስንል የቤቱ እመቤት መሃሉ በቅቤ የተሞላ የገብስ ገንፎ ይዘው መጡ። እጄ ገና ደም ደም ይሸታል። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ጠግቤያለሁ» አልኩ። አቶ ምናሉ እግሬን ረገጡኝ። በላሁ።

መንገድ ላይ ነገሩን አስረዱኝ። በዚያ አገር ላም ሊያክም የገባ ሰው ሳይቀምስ ከወጣ ሞቷን አይቶባታል ይባላል። ሐኪሙ እንደማትድን ያውቃል፣ ለመናገር አፍሯል፣ ስለዚህም የቤቱን እህል ሊበላ አንጀቱ አልቻለም ብለው ነው የሚተረጉሙት። «ስለ ጨዋነት እየነገርኩህ አይደለም፤ ስለ ላሚቱ ነው» አሉኝ። «መርፌውን ነቅለህ እጅህን ስትታጠብ ሥራው ግማሽ ነው። ስትቀምስ ያልቃል።»

እንግዲህ ቀመስኩ። ስንት ዓመት ሙሉ ቀመስኩ! ጧት አንዱ ቤት በቅቤ የራሰ ቂጣ፣ ረፋድ ላይ ሌላው ቤት እርጎ፣ ከሰዓት በኋላ ጠላ፤ ጠላው ላይ «ብርድ ነው» ተብሎ አረቄ ይደገምበታል። «በሞቴ» የሚሉ ሰዎች ናቸው። አንዱን ጉርሻ ስትውጥ ሌላው አፍህ ላይ ተደቅኗል። ከረዳትነት ወደ ቴክኒሽያንነት፣ ከቴክኒሽያንነት ወደ ክሊኒክ ኃላፊነት ሳድግ ሆዴም ከእኔ እኩል ዕድገት አገኘ። ጭቃ ላይ በደረቴ መተኛቱ ቀረ፤ ብተኛም የሚያነሣኝ ሰው ያስፈልግ ነበር።

አንድ ጊዜ አያ አለልኝ የሚባሉ ገበሬ በሬያቸው ማሳ ጥሶ ገብቶ ሆዱ ተነፋ። ጎኑን በትሮካር፣ ማለት አየሩን በሚያስወጣው የብረት ቱቦ፣ ወግቼ አስተነፈስኩት። ትሮካሩን ሳጥብ አያ አለልኝ አጠገቤ ቆመው ሆዴን አዩና «ዶክተር፣ ውኃው ሳይነካው በፊት አንዴ አንተም ጋ ብንሞክረው ምን ይመስልሃል?» አሉኝ። ዶክተር አለመሆኔን ስንቴ ነግሬያቸዋለሁ፤ አይሰሙም። ባለቤታቸው እትዬ አስረሴ እየሳቁ እንጀራ አቀረቡ። እኔም እየሳቅኩ በላሁ።

ጾም ባይኖር ኖሮ ቀደም ብዬ እቀበር የነበረ ይመስለኛል። ሁዳዴ ሲገባ ቅቤውና እርጎው ይቀራል፤ ቀበቶዬ አንድ ቀዳዳ ወደ ውስጥ ይገባል። ፋሲካ ሲመጣ ግን በየቤቱ ዶሮው፣ እንቁላሉ፣ ቅቤው ይጠብቀኛል፤ ዳግማይ ትንሣኤ ሳይደርስ ቀዳዳዋ ትመለሳለች፤ አንዳንዴም ጓደኛ ታመጣለች።

ባለቤቴ ካረፈች በኋላ ነገሩ ባሰ። ልጃችን ባሕር ዳር አግብታ ወጥታለች። ሮብ ገበያ የተከራየኋት ቤት ገብቼ በሩን ስዘጋ ዝምታው ያስፈራኝ ነበር። ስለዚህ የገበሬው ገበታ የእኔም ገበታ ሆነ። ምሳ ሰዓት ላይ ከሰው ደጅ መድረስን ተማርኩ፤ ደህና የሆነችውን ላም ሁሉ «እስቲ ልያት» እላለሁ። ሰዎቹ ገብቷቸዋል፤ አንድም ቀን ግን ፊታቸውን አላጠቆሩብኝም።

ከዕለታት አንድ ቀን ቴርሞሜትሩን ከላሚቱ አውጥቼ ባየው ባየው ቁጥሩ አልታይ አለኝ። ጨርቁን አነሣሁ፣ ጠረግኩት፤ ያው ነው። የደበዘዘው መስተዋቱ ሳይሆን ዓይኔ ነበር። ደብረ ማርቆስ ወርጄ ተመረመርኩ። ስኳርም ግፊትም አለብህ ተባልኩ።

ያየችኝ ሐኪም ልጄ የምትሆን ነች። ክብደት ካልቀነስኩ ዓይኔንም እግሬንም ላጣ እንደምችል ሳትሸፋፍን ነገረችኝ። ቅቤውን ይቀንሱ፣ አረቄውንና ጠላውን ይተዉ፣ ጎመንና ጥራጥሬ ያብዙ አለች። እኔ ደግሞ ሥራዬ እንደማይፈቅድልኝ ነገርኳት።

«መብላት ነው እንዴ ሥራዎ?» አለችኝ።

«ግማሹ» አልኳት። የቀለድኩ መስሏት ሳቀች።

ራሴን አውቃለሁ። አንዴ ከቀመስኩ ገበታው ሳይነሣ አልነሣም። ስለዚህ ጭራሽ ላለመቅመስ ወሰንኩ። የአቶ ምናሉን ነገር አልረሳሁትም፤ ግን ዘመኑ ተለውጧል፣ ስልክ የሌለው ቤት የለም፣ ዛሬ ማን እንዲህ ያለ ነገር ያምናል አልኩ። ከብቱን አክሜ፣ እጄን ታጥቤ፣ በር ላይ ሆኜ «ሐኪም ከልክሎኛል» እላለሁ። «አንተው አይደለህ እንዴ ሐኪሙ?» ይሉኛል። እስቃለሁና ሞተሬን አስነሥቼ እሄዳለሁ።

ክብደቱ ቀነሰ፤ ውሸት አልናገርም። ቀበቶዬ ወደ ውስጥ ገባ፣ ዓይኔም ጠራ። ምሳዬን ግን በላስቲክ ዕቃ ይዤ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ነበር የምበላው፤ ቀዝቃዛ ጎመን፣ ቀዝቃዛ ድንች። ከኋላዬ አሁን ከወጣሁበት ቤት ሳቅ ይሰማል። ያ ሳቅ ድሮ እኔም ያለሁበት ነበር። ማታ ቤቴ ገብቼ የቀረውን ጎመን እበላና እተኛለሁ። ከፋኝ። ከስኳሩ ይልቅ ይህ ነው የከፋኝ።

በዚያው ሰሞን የአያ አለልኝ ላም ዳልቻ ጡቷ አብጦ ተጠራሁ። ቤቱ ያለችው የምትታለብ ላም እሷ ብቻ ነበረች፤ የልጅ ልጆቹ የሚያድጉት በእሷ ወተት ነው። በሽታው የተለመደ ነው። መድኃኒቱን በጡቷ ቀዳዳ አስገባሁ፣ መርፌ ወጋኋት፣ ቶሎ ቶሎ እንዲያልቧትና ወተቱን እንዲደፉት ነገርኩ። ትድናለች አልኳቸው። እትዬ አስረሴ እንጀራ ሊያቀርቡ ሲሉ በር ላይ ሆኜ እጄን አወዛወዝኩና ወጣሁ።

ለሁለተኛው መርፌ ስመለስ ጋጣው ባዶ ነው። እትዬ አስረሴ ደጁ ላይ ቁጭ ብለዋል።

«ዳልቻስ?» አልኩ።

«ሮብ ለት ወጣች» አሉኝ። ለሥጋ ነጋዴ ሸጠዋታል።

«ምን ነካችሁ እትዬ? ትድናለች ብያችሁ አልነበረም?»

«አፍህማ ብሏል። ሳትቀምስ ወጣህ እኮ።»

የከለከለኝ የራሴ ስኳር እንደሆነ፣ ከላሚቱ ጋር ምንም እንደማያገናኘው ነገርኳቸው። እሳቸውም ቀና ብለው «ስኳርህን እኛ በምን እናውቃለን?» አሉኝ። «ቤታችን የኖርከውን ያህል ኑረህ አንድ ቀን እህላችንን ጠላኸው። እኛማ ልትነግረን አሳዝነንህ ነው አልን።»

አያ አለልኝ ከእርሻ ሲመለሱ ቆሜ ጠበቅኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር፤ አልተቆጡኝም። «በል ግባ» ብቻ አሉኝ። ገባሁ። እትዬ አስረሴ መሶቡን አቀረቡና ከወጡ በኩል አንድ ጉርሻ ጠቅልለው አጎረሱኝ። ሌላ ሊደግሙኝ ነው ብዬ ስፈራ ተነሡና አንድ ሰሃን አሹቅ አምጥተው ፊቴ አስቀመጡ። «አንተ ይህን እየላጥክ ብላ። እጅህ ከገበታ አይውጣ እንጂ የምትበላው ምንም ይሁን» አሉኝ።

ይህ ነው መድኃኒቱ፤ ከየትም ክሊኒክ አላገኘሁትም። እዚያ አገር እንግዳው እጁን ሲሰበስብ ሌላውም ጠገብኩ ማለት ይጀምራል፣ ጨዋታው ይፈርሳል። ለዚህ ነው የሚለምኑህ። አሹቅ ደግሞ የተቀቀለ ባቄላ ነው፤ እያንዳንዱን ልጠህ ነው የምትበላው። እጅህ ሥራ አይፈታም፣ አፍህ ቶሎ ቶሎ አይሞላም፣ ወሬውም አያመልጥህም። ወሬው በአካባቢው ተዛመተና በየሄድኩበት ቤት አንድ ጉርሻና አሹቅ ይጠብቀኝ ጀመር። «ለዶክተሩ ባቄላ ጣዱለት» ይባላል።

ሁልጊዜ ተሳካልኝ አልልም። ጥሩ ዶሮ ወጥ ፊት ምኑን አሹቅ ላጥኩት! እንዲያ ባለ ቀን በላሁ፣ በማግስቱ ጎመኔን በላሁ፣ ሥራዬን ቀጠልኩ። ቀስ እያልኩ ቀነስኩ። አያ አለልኝም በኋላ በዳልቻ ምትክ ጊደር ገዙ።

ጡረታ ስወጣ ማርቆስ ገባሁ። አንዲት ክፍልና አንዲት ምድጃ አለችኝ። ልጄ መንገዱ ሲመች ትመጣለች፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን በስልክ ነው። አያ አለልኝ ሲያርፉ ለልቅሶ ወጥቼ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ሮብ ገበያን አላየሁም። ባለፈው ሐኪሟ ዘንድ ለክትትል ብሄድ ሚዛኑንም ስኳሩንም አየችና እንዴት እንዳደረግኩት ጠየቀችኝ። «ጡረታ ወጣሁ» አልኳት። ይህንንም እንደ ቀልድ ወሰደችው። እውነቴን ነው። አሁን በሞቴ የሚለኝ የለም። ማንም ሳይለምነኝ ጎመኔን እበላለሁ። አሹቅም እቀቅላለሁ፤ ሬዲዮ ከፍቼ እየላጥኩ እበላለሁ፤ ብቻህን ስትልጠው ግን ቶሎ ያልቃል።

ጥቅምት ላይ እትዬ አስረሴ ደወሉ። ጊደሯ ወልዳለች፤ እንግዴ ልጁ አልወጣ ብሏት የክሊኒኩ አዲሷ ዶክተር መጥታ አክማታለች። «ጎበዝ ልጅ ናት» አሉ። «ግን ሳትቀምስ ወጣች። ልጄ ሮብ እናውጣት እያለኝ ነው። አንተ ምን ትላለህ?»

ትድናለች ልላቸው ነበር፤ ተውኩት። በዚህ ስልክ የምለው ያው አፌ ነው። በማግስቱ ጧት ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

ሮብ ገበያ ወርጄ ዳገቱን በእግሬ ወጣሁት። ድሮ ሞተሩ የሚያቃስትበት ዳገት ነው። ላሚቱን አየሁ፤ ሙቀቷ ደህና፣ ታመነዥካለች፣ ጥጃው ይጠባል። ልጅቱ ሥራዋን አጥርታ ሠርታለች፤ የምጨምረው አልነበረኝም። ለእትዬ አስረሴ ነገርኳቸው። የእሳቸው ልጅ ገመዱን ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። እትዬ አስረሴ ወደ ጓዳ ገቡና እንገር አፍልተው በጣሳ ይዘው መጡ። የመጀመሪያውን ወተት፣ ወፍራሙን።

ተቀመጥኩ። ሁለቱም አፌን ያዩኛል። አንድ ጊዜ ተጎነጨሁና ዋጥኩ። እንዴት ይጣፍጣል! ጣሳውን ደግሜ ባነሣው እስከ ታች እጠጣው ነበር፤ ከሆዴ ይልቅ ነፍሴ ፈለገችው። አስቀመጥኩት።

«ይበቃሃል?» አሉኝ።

«ይበቃኛል።»

ልጁ ገመዱን ግድግዳው ላይ መልሶ ሰቀለው። እትዬ አስረሴም ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና ከምድጃው ላይ ድስቱን አወረዱ። ባቄላ ነበር። እንደምመጣ ሳልነግራቸው ጥደውልኝ ነበር። የመጨረሻው ሚኒባስ ሳያመልጠኝ ብዬ እስክነሣ ድረስ ስለ አያ አለልኝ እያወራን ላጥን።

ለወጣቷ ዶክተር ደወልኩላት። ሥራሽ ደህና ነው፣ ላሚቱ ድናለች፣ ግን ቅመሺ አልኳት። ክብደት እየቀነሰች እንደሆነ ነገረችኝ፤ በየቤቱ ቅቤ ሲቀርብላት ጨንቋት ነው ሮጣ የምትወጣው። የአሹቁን ነገር ነገርኳት። ሳቀች፤ እሞክረዋለሁ አለች።

በዚህ ሥራ ላላችሁ የምለው ይህን ነው። በየቤቱ አንድ ጉርሻ ቅመሱ፤ ከዚያ በኋላ እጃችሁ የማይጎዳችሁን ይልቀም፤ ግን ተቀመጡ። ከሰው ገበታ ርቆም መቀነስ ይቻላል፤ አድርጌዋለሁ። የቀነስኩትን ቀበቶዬ ብቻ ነበር ያየልኝ።