ያልቀዘቀዘ ኩባያ

በአንዲት ሴት ቀንቼ አውቃለሁ። በመልኳ ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር፤ መልክ ያልፋል ብዬ እጽናና ነበር። የቀናሁት በእውቀቷ ነው። ባሌ እሷ ስትናገር አፉን ከፍቶ መስማቱ ደግሞ ጨርሶ አበገነኝ።

ከገዳሪፍ ከተማ ማዳበሪያ እያመጣሁ፣ ሱዳን ድንበር ላይ ባለችው ቁረይሻ ውስጥ፣ ከእርሻችን ዳር ባለችው የቆርቆሮ ቤታችን እሸጣለሁ። ዩሪያ የሚባለውን ነጩን ማዳበሪያ ነው። በዚህ አገር ጨው የሚቀላቅል ነጋዴ ሞልቷል። ንጹሑን የምለይበት መንገድ አለኝ። በቆርቆሮ ኩባያ ውሃ እቀዳለሁ፣ እፍኝ ማዳበሪያ ጨምሬ አማስላለሁ፣ ከዚያ ጣቴን እነክራለሁ። ንጹሕ ከሆነ ውሃው ወዲያው እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል። ጨው ካለበት ያን ያህል አይቀዘቅዝም። ገበሬው፣ አበሻውም ሱዳናዊውም፣ የእኔ ጣት ሳይነካው ጆንያ አይሸከምም። ራሳቸው መንከር አቅቷቸው አይደለም፤ «እጇ አይዋሽም» ተባለና ልማድ ሆነ። እኔም ወደድኩት።

ባሌ ማሽላ ያርሳል። እሱም ቢሆን ከገዛ ቤቱ ጆንያ የሚያወጣው እኔ ከነከርኩ በኋላ ነው። ኩባያውን የሚይዝልኝ ራሱ ነበር። «ምን አለች ሐኪሟ?» ይለኛል። «ትኖራለህ» እለዋለሁ። ከተጋባን ጀምሮ በየክረምቱ እንዲህ ነው።

ሴትዮዋ የመጣችው የሱዳኑ ጦርነት የወደቡን መንገድ በዘጋበት ክረምት ነው። ከትግራይ ተሰዳ በስደተኞች ካምፕ የምትኖር፣ በአገሯ ኬሚስትሪ አስተማሪ የነበረች ሴት ናት። አንዳንድ የእርዳታ ሰዎች፣ እንደ ሰው ሁሉ ከካርቱም የሸሸ አንድ መሣሪያ አምጥተው ከእርሻችን ማዶ ተከሉና እሷን ቀጠሯት። መሣሪያው በጭነት መኪና ሳጥን ውስጥ የተገጠመ ነው፤ ጣሪያው ላይ የፀሐይ ሰሌዳ ተነጥፎበታል። በፀሐይ ኃይል ውሃን ይሰነጥቅና ሃይድሮጅን ያወጣል። ሃይድሮጅኑን ከአየር ከሚስበው ናይትሮጅን ጋር ያጋባውና አሞኒያ ያደርገዋል። አሞኒያው በውሃ ይቀጥንና በጀሪካን ተሞልቶ ማሽላው ሥር ይፈስሳል። ያለ ወደብ፣ ያለ ጋዝ፣ ያለ ጆንያ፤ ማለትም ያለ እኔ።

«ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ» አልኩና ሳቅሁ። ባሌ አልሳቀም።

መሣሪያው ንጹሕ ውሃ ይፈልጋል። የጉድጓዳችን ውሃ ጨዋማ ነው፤ የዝናብ ውሃ የሚያጠራቅም በርሜል ያለው ደግሞ የእኛ ቤት ብቻ። ያ ውሃ የኩባያዬ ውሃ ነው። ከዓመት ዓመት ለዚያ ብዬ በክዳን ስጠብቀው የኖርኩትን ባሌ በአህያ እየጫነ ይወስድላት ጀመር። ሲመለስ ደግሞ ወሬው ሁሉ እሷ ነች።

«ሃይድሮጅን ሲቃጠል ጭስ የለውም አለችኝ» አለ አንድ ምሳ ላይ። «ተመልሶ ውሃ ነው የሚሆን።»

«እኔስ ስቃጠል ምን እሆናለሁ ብላሃለች?»

«አንች ደሞ» አለና እንጀራውን ጠቀለለ።

ያን ቀን ሸሚዙን ለማጠብ ስወስደው፣ አላፍርም እናገራለሁ፣ አሸተትኩት። ሽቶ ፍለጋ ነበር። ያገኘሁት ሌላ ነው፤ አፍንጫ የሚሰነጥቅ፣ ዓይን የሚያስለቅስ ሽታ። አወቅሁት። በተጋባን በሁለተኛው ክረምት ጣሪያው አፍስሶ አንድ ጆንያ ዩሪያ ርሶብን ነበር። ታፍኖ ሰንብቶ ስንከፍተው እንዲህ ሸቷል። ሁለታችንም እያለቀስን እየሳቅን ተሸክመን አውጥተነዋል። ማዳበሪያችን ርሶ ሲብላላ የሚሸተው ሽታ ነው። እንግዲህ ሴትዮዋ የምታበስለው ከእኔ ጆንያ ጋር የአንድ ቤት ልጅ መሆኑን ያን ቀን፣ ሸሚዙን ይዤ እንደቆምኩ ገባኝ። እውነት መሆኑ ይበልጥ አናደደኝ። አታላይ ብትሆን ኖሮ እወዳት ነበር።

ዝናቡ ከገባ በኋላ ገበሬዎቹ ራኩባ በሚሉት የሣር ዳስ ሥር ተሰበሰቡ። ማሽላው ጉልበት ደርሷል፣ ዩሪያ ግን የለም፤ የእኔም ቤት ባዶውን ነበር። የእርዳታ ሰዎቹ ገበሬው ከተቀበለ መሣሪያውን ሊያቆዩት፣ ካልተቀበለ ወደ ከሰላ ሊወስዱት ነው። ሴትዮዋ አንድ ጀሪካን አምጥታ አስረዳች። በአማርኛ፣ ሲቸግራት በትግርኛ፣ ለሱዳናውያኑ በተሰባበረ ዓረብኛ አስረዳች። ጥሩ አስተማሪ ናት። ሰዎቹ በትሕትና አዳመጡና ሲያበቃ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«አንችስ ምን ትያለሽ?» አሉኝ በዕድሜ የሚበልጡት ገበሬ። «ጣትሽን ክተችበትና እንስማ።»

ያን ጊዜ ምን ያህል ደስ እንዳለኝ ልደብቅ አልችልም። ይህን ሁሉ ተምራ፣ ይህን ሁሉ ተናግራ፣ ዳኛዋ የእኔ ጣት ሆነ።

ከጀሪካኑ ቀድታ ኩባያውን ለባሌ ሰጠችው፤ እሱም እንደ ልማዱ ያዘልኝ። ሴትዮዋ የጎማ ጓንት ዘረጋችልኝ። «ሓፍተይ፣ እህቴ፣ የቀጠነ ነው፤ ግን እጅሽን እንዳያቃጥልሽ» አለች። በደግነት ነበር። እኔ ግን እጅሽ አያውቅም ያለችኝ መሰለኝ። ጓንቱን ትቼ ባዶ ጣቴን ነከርኩ።

ሽታው አፍንጫዬን መታኝ። ያው ነው፤ የራሰው ጆንያ። ቀና ስል የባሌ ዓይን እንባ አቅርሯል። ሽታው እሱንም እንደደረሰው፣ ያን ክረምት እንዳስታወሰም አየሁ። ማዳበሪያ ውሃ የሚያቀዘቅዘው ሲሟሟ ነው፤ አስቀድሞ የሟሟ አያቀዘቅዝም፤ ይህንንም አውቃለሁ፣ የነከርኩት ኩባያ ሲቆይ ለብ እንደሚል ስንቴ አይቻለሁ። «ሽታውን አውቀዋለሁ፣ ማዳበሪያ ነው» ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ።

«አልቀዘቀዘም» አልኩ።

ሐሰት ነው አላልኩም። አልቀዘቀዘም ብቻ ነው ያልኩት፤ እውነትም አልቀዘቀዘም ነበር። ለሰዎቹ ግን ይበቃ ነበር። ሽማግሌው ተነሱ። «ኻላስ፣ አለቀ» አሉና ሌሎቹም ልብሳቸውን እያራገፉ ተከተሏቸው። ሴትዮዋ «ቆዩ፣ ይኼ እኮ አስቀድሞ የሟሟ ነው፣ ሊቀዘቅዝ አይችልም» እያለች ኋላቸው ሄደች። የሰማት የለም። ተመልሳ ፊቴ ቆመች።

«ሽታውን ታውቂዋለሽ አይደል?»

«እኔ የማውቀው ቅዝቃዜ ነው» አልኳት።

ባሌ ኩባያውን እንደያዘ ወደ ማሳው ዞረ። ውሃውን ግን አልደፋውም። ወስዶ አንድ የማሽላ ሥር አጠገብ አፈሩን ቆፈር አድርጎ አፈሰሰውና መልሶ አለበሰው።

መሣሪያው ወደ ከሰላ ሊጫን ሲል ሴትዮዋ ልትሰናበተኝ መጣች። ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር። በባዶው ቤት ዙሪያዋን አየችና በርጩማ ላይ ተቀመጠች።

«ከእኔ ጋር እንድትሠሪ ልለምንሽ ነበር» አለችኝ። «መሣሪያውን እኔ አውቃለሁ፤ ሰው የሚያምነው አንቺን ነው። ስንት ዓመት አስተማርኩ፤ እንዲያ ዞሮ ያየኝ ሰው የለም። ቀንቼብሽ ነበር፣ ሓቂ፣ እውነቴን ነው።»

ውሃ ልስጥሽ አልኳት። የዝናቡን ውሃ ቀድቼ ሰጠኋት። ጠጥታ ኩባያውን አለቅልቃ አስቀመጠችና ሄደች።

ያን ክረምት ማሽላው ከታች ቅጠሉ ጀምሮ ወደ ላይ ቢጫ ሆነ። የሁሉም ነው፣ የእኛም። በእኛ ማሳ መሐል ግን አራት ትልም ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ከሌላው በክንድ ረዝሞ ቆመ። ከሴትዮዋ ጀሪካን የቀረውን ባሌ ለብቻው አፍስሶት ኖሯል። አልነገረኝም። እኔም ለብቻዬ ሄጄ አየሁት፤ ቅጠሉን በእጄ ያዝኩት።

የሚያልፍ ገበሬ ሁሉ ቆሞ ይጠይቀው ነበር። «እዚያ ምን አድርገህበት ነው?»

«አፈሩ ነው» ይላቸዋል ባሌ። «እዚያ ላይ አፈሩ ጥሩ ነው።»

እየሸፈነኝ ነበር። ቢሰድበኝ፣ ቢያጋልጠኝ፣ እኔም እመልስለት ነበር፤ ምላስ አላጣሁም። ያ «አፈሩ ነው» ግን አንጀቴ ውስጥ ገብቶ ቀረ። አጨዳው ሲደርስ ሽማግሌው ገበሬ ፍሬ ያልያዘውን ግማሽ ማሳቸውን ለከብት ለቀቁት። መንገድ ላይ ሲያገኙኝ «መቼስ እግዜር ያመጣው ነው» አሉኝ። አዎ አልኳቸው።

ዘንድሮ ዩሪያ በመተማ በኩል ተሻግሮ በገላባት መጣ። ጆንያዎቹ ቤቴን ሞሉት። ኩባያዬን ፈገፈግሁ፣ ከበርሜሉ ውሃ ቀዳሁ፣ ገበሬዎቹ ሳይመጡ የእኛን ልንከር ብዬ ባሌን ጠበቅሁት። አህያውን አስገብቶ አሰረ። ከላይ ያለውን ጆንያ አፉን ፈታ፣ ቆንጥሮ አወጣና ጨው እንዳለበት ለመቅመስ ራሱ ምላሱ ላይ አደረገው። ተፋው። ጆንያውን አስሮ ጫነው፣ ሁለተኛውንም ጫነ።

«ኩባያው እኮ ተዘጋጅቷል» አልኩት።

«አየሁት» አለ። በቁጣ አልነበረም። «አስቀምጭው፣ ሰዎቹ እየመጡ ነው።»

አህያውን ነድቶ ወጣ። ወዲያው ሽማግሌው ገበሬ በሩ ላይ ደረሱና እንደ ወትሮው ኩባያውን አንስተው ያዙልኝ። እፍኝ ጨመርኩ፣ አማሰልኩ፣ ጣቴን ነከርኩ። ዓይኔ ግን ከአህያው ኋላ በሚሄደው ሰው ላይ ነበር።

«ቀዘቀዘ?» አሉኝ።

«ቀዝቅዟል» አልኳቸው።

ሳይነኩት አመኑኝ።