ለሰላም ሲባል የሚገዛ ሽቦ መላጫ

ይህ የሆነው ባለፈው መስከረም፣ ኮልፌ ውስጥ በአንድ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ደጃፍ ነው። የማልረሳው ስለተጣላሁ አይደለም፤ ከሰው ጋር መጣላት ለእኔ ብርቅ አይደለም። የማልረሳው፣ መንገድ ላይ የቆመ ሰው ሁሉ መጥፎ ዕቃ እንድንገዛ በወቀሳና በልመና ስላስጨነቀን ነው።

ታናሽ እህቴ ሰሚራ ቀራንዮ ባለው ቤታችን የኋላ ክፍል የእንቁላል መፈልፈያ ማሽን ትሠራለች። ሣጥኑን አናጢ ይሠራላታል፤ ማሞቂያውን፣ ማራገቢያውንና የሙቀት መቆጣጠሪያውን በሽቦ የምታገናኘው ራሷ ናት። በአንድ ጊዜ የምትሠራው ጥቂት ማሽን ቢሆንም፣ የሚላጠው የሽቦ ጫፍ ግን ማለቂያ የለውም።

እኛ አገር ሽቦ የሚላጠው በምላጭ ነው፤ ምላጭ ከጠፋ በጥርስ። እሷም የተማረችው እንደዚያ ነበር። ችግሩ፣ ምላጩ ፕላስቲኩን ሲቆርጥ ከውስጥ ያሉትን ቀጫጭን የመዳብ ክሮችም አብሮ ይቆርጣል። ከላይ ሲያዩት ደህና ይመስላል። ለሁሉም ክሮች የታሰበው ኮረንቲ በቀሩት ጥቂቶች ላይ ሲያልፍ ግን ይግላሉ።

ነሐሴ ላይ ዘነበወርቅ የምትኖር አንዲት ደንበኛዋ ደወለች። ማሽኑ የሽቦው መገናኛ ላይ ቀልጦ ጨሷል። ሴትዮዋ ያላት አንድ ክፍል ብቻ ስለሆነ ማሽኑ የቆመው ልጆቿ ከሚተኙበት አልጋ አጠገብ ነው። ደግነቱ ቀን ነበርና ደርሳ ነቀለችው። ሰሚራ ማሽኑን ፈታ ስታየው የተቆረጡትን ክሮች አገኘች። ያን ቀን ምሳ አልቀመሰችም። የሸጠቻቸውን ማሽኖች ሁሉ ሰብስባ ሽቧቸውን እንደ አዲስ ልትሠራ ወሰነች።

"ጋሼ፣ ደህና መላጫ እስካላገኝ ድረስ አንድ ሽቦ አልነካም" አለችኝ።

በማለዳ ወጣን። ከምትሠራባቸው ሽቦዎች ቁርጥራጭ በፌስታል ይዛለች። ኮልፌ ስንደርስ ባለሱቁ የብረት በሩን ገና ሽቅብ እየገፋ ነበር።

"ግቡ፣ ግቡ! ገበያ ክፈቱልኝ!"

እጀታው ቢጫ የሆነ መላጫ አወጣ። "ኦርጅናል ነው፣ እናቴን!"

"ልሞክረው?" አለች ሰሚራ።

"ኦርጅናል ይሞከራል እንዴ እህቴ?"

በእኛ ገበያ ኦርጅናል ያልሆነ ነገር አይቼ አላውቅም። ኦርጅናል አለ፣ ዋናው ኦርጅናል አለ፣ ዋናው ካለቀ ደግሞ "ከኦርጅናል የማይተናነስ" አለ። ሰሚራ ግን መልስ ሳትጠብቅ ከፌስታሏ ሽቦ አውጥታ ላጠች። ሽቦው በሚገባባቸው የመላጫው ቀዳዳዎች ላይ የተጻፈው ቁጥርና የቀዳዳው ስፋት አይተዋወቁም። በአንዱ ስትሞክር የመዳብ ክሮቹ ጠረጴዛው ላይ ረገፉ። በሚቀጥለው ስትሞክር ፕላስቲኩን አኝኮ ተወው።

"እየው፣ ከምላጩ ይብሳል" አለችው።

ሌላ አመጣ፤ በአንድ ጭመቃ ይዞ፣ ቆርጦ፣ ስቦ የሚያወልቅ። በተራው ሽቦ ላይ ግሩም ነበር፤ እኔማ ተገላገልን ብዬ ነበር። እሷ ግን ከማሞቂያው ጋር የሚገናኘውን፣ ሙቀት የሚችለውንና ሽፋኑ ለስላሳ ጎማ የሆነውን ሽቦ አወጣች። መሣሪያው ጎማውን እንደ ማስቲካ ጎተተውና ለቀቀው።

"ለእኔ ዋናው ሽቦ ይሄ ነው" አለች።

"ይሄ እኮ ውድ ነው!" አለ ባለሱቁ፣ ውድነቱን ጎማው የሚሰማ ይመስል።

አመስግነን ወጣን። ጠቡ የጀመረው ያኔ ነው። "ገበያዬን ዘግታችሁ የት ልትሄዱ ነው?" እያለ ተከተለን። የማለዳ የመጀመሪያ ደንበኛ ባዶ እጁን ከወጣ ቀኑ ተበላሸ የሚለውን እምነት አውቀዋለሁ። ቀኑን የሚያበላሸው የሚሸጠው ዕቃ ሊሆን ይችላል ብሎ የሚያምን ነጋዴ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።

ሰው ተሰበሰበ። ቆሎ የምትሸጥ ሴት "ለአንድ ፒንሳ ነው እንዲህ የምትሆኑት?" አለች።

"ፒንሳ አይደለም" አልኩ።

"እሱስ ቢሆን!"

ከጎን ካለው ሱቅ ፍራሽ ሻጩ ጋሽ በድሩ መጡ። አባታችንን የሚያውቁ፣ የሰፈሩን ጠብ ሁሉ የሚያበርዱ ሰው ናቸው። እኔንና ሰሚራን ትከሻችንን ይዘው "ተው እናንተ፣ ጠዋት ነው" አሉ። "ሰሚራ ልጄ፣ ርካሹን ግዥውና ቤት አስቀምጪው። አትሠሪበትም። ለሰላም ሲባል ነው።"

"ቤት ካስቀመጥኩት አንድ ቀን ቸኩዬ እሠራበታለሁ፣ ጋሽ በድሩ። ኮረንቲ ደግሞ በሽማግሌ አይመለስም።"

"ኧረ አፏ!" አለ አንዱ ከኋላ።

እኔም ፈነዳሁ። "ከዚህ ሁሉ ሰው አንድ እንኳ ዕቃው ምን ሆኖ ነው የሚል የለም?" ብዬ ጮህኩ። ባለሱቁ "ፋዘር፣ አይጩሁብኝ" አለ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። "የተማረ ሰው እንዲህ ይሆናል?" አሉኝ። የተሰባበረ መዳብ ጠረጴዛ ላይ ተበትኖ እያለ ነውረኛው እኔ ሆንኩ። ጋሽ በድሩ ራሳቸውን ነቀነቁ። ባለሱቁ ክፉ ገዳችንን ሊያጥብ በጣሳ ውሃ አምጥቶ እግራችን የነካው ደጃፍ ላይ ረጨ፤ ግማሹ ጫማዬ ላይ አረፈ።

ታክሲ ይዘን ዓለም ባንክ ሄድን። እዚያ ያገኘነው ባለሱቅ ፈገግታ የሚባል ነገር የማያውቅ ሰው ነው። ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ የመላጫ ካርቶን ገፋ አድርጎ "ሞክሪ" አለ። ከሁለቱ ሱቆች ሰውን የሚያከብረው ይህኛው ይመስለኛል።

ሰሚራ የመረጠችው መልከ ጥፉ የሆነውን የእጅ መላጫ ነው። ቀዳዳዎቹ ስለታም ናቸው፤ ምን ያህል እንደሚዘጋ የምትወስን ትንሽ ብሎንም አለችው። ለስላሳውንም ጠንካራውንም ሽቦ በንጹሕ ላጠ። እሷ አሁንም አላመነችም። ጫፎቹን በጥፍሯ እየበተነች ብርሃን ላይ አየቻቸው። ከዚያ እጀታው መዳፏን ያሳምም እንደሆነ ለማወቅ የያዘችውን ቁርጥራጭ እስኪያልቅ ላጠች። ባለሱቁ አንዴም አላጉረመረመም።

ማሽኖቹ ሁሉ ተስተካከሉ። የዘነበወርቋን ማሽን ራሳችን ይዘን ሄድን። ሴትዮዋ የስልኳን መብራት አብርታ ሽቦውን አንድ በአንድ አየችው፤ ልጆቿ አልጋው ላይ ተቀምጠው ያዩናል።

"አሁን እዚሁ ባቆመው ችግር የለውም አይደል?" አለች።

ሰሚራ የለውም ብትል የሚጠይቃት አልነበረም። "ሽቦው አሁን ደህና ነው" አለች። "ልጆች የሚተኙበት ግን አይቆምም።"

"ሌላ ክፍል የለኝማ።"

በመጨረሻ ሴትዮዋ ወጥታ አከራይዋን ለምና ከግቢው ዕቃ ቤት ጥግ ተፈቀደላት፤ እዚያ ወስደን ሰካነው። ጫጩቶቹም በጊዜያቸው ወጡ።

ጋሽ በድሩ ዛሬም ባገኙኝ ቁጥር "ያ ባለሱቅ ልጅ እንዳኮረፈ ነው፣ ሂድና ታረቀው" ይሉኛል። አልታረቅም። ውሃው ከጫማዬ ላይ ያን ዕለት ደርቋል። ንዴቴ ያልደረቀው፣ ያንን ሱቅ አልፌ ታክሲ ስጠብቅ አንዳንድ ማለዳ ሰው ቢጫውን መላጫ ይዞ ሲወጣ ስለማይ ነው። ባለሱቁ ከኋላው ይመርቀዋል፤ ገበያው ተከፍቷል። ሰውየው ግን በማን ቤት፣ ከማን አልጋ አጠገብ ያለውን ሽቦ ሊልጥበት እንደሚሄድ የሚጠይቀው የለም።