ፉል ቤቱን ያዘፈነች ልጅ

መይሙና በከር ስልሳ ድምፃውያን ፊት ቆማ እጇን ስታነሳ ያየ ሰው ያን እጅ አይረሳውም። እጇ ገና አየር ላይ ሳለ አዳራሹ ትንፋሹን ውጦ ይጠብቃል። ስታወርደው ስልሳው አፍ አንድ ይሆናል። «ይሄን ሁሉ ሰው በዜማ መምራት የት ተማርሽ?» ሲሏት «ልደታ፣ አባቴ ፉል ቤት» ትላለች። ጠያቂዎቹ ቀልድ እየመሰላቸው ይስቃሉ። ያን ቤት ያየን ግን አንስቅም።

ቤቱ ከልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ወደ ጠመንጃ ያዥ በሚያወርደው ጠባብ መንገድ ላይ ነበር። በሩ ላይ የተጻፈ ስም የለውም፤ ሰፈሩ ሁሉ «በከር ቤት» ይለዋል። በከር ከስልጤ የመጣ ሙስሊም ነው። ከደንበኞቹ ግማሾቹ ክርስቲያን ነበሩ። የአንዱን ሥጋ ሌላው ስለማይበላ በከር ሥጋ የሚባል ነገር ወደ ቤቱ ዝር አያስብልም። ባቄላ ግን ሃይማኖት አይለይም። ስለዚህ የፍርድ ቤት ጸሐፊው፣ የታክሲ ሾፌሩና ግንበኛው አንድ አግዳሚ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጋፍተው፣ ተሰልፈው የገዙትን ዳቦ እየቆረሱ በአንድነት ይበሉ ነበር።

ጭንቁ ሁዳዴ ሲገባ ነው። ያን ጊዜ የጿሚው ፉል በዘይት ይሠራል፤ የማይጾመው ደግሞ በቅቤና በእንቁላል። የመይሙና እናት ዙሃራ በስተጓሮ ባለው ማድ ቤት ሁለት ድስትና ሁለት ጭልፋ ለይታ ትቆማለች። እሷንና ተመጋቢውን የሚያገናኘው ትራስ የምታህል አንዲት መስኮት ናት። ትዕዛዝ በወረቀት አይጻፍም። በከር መሐል ወለሉ ላይ ቆሞ የሰዉን ሁሉ ፍላጎት በልቡ ይይዝና በዜማ ወደ መስኮቷ ይለቀዋል። ጾሙን በረጅሙ ያንጎራጉረዋል፣ ፍስኩን በፈጣን ምት ያስረግጠዋል። ዙሃራ ጀርባዋን እንደሰጠች ናት፤ ዜማው ወደ ዘይት ሲላት እጇ ወደ ዘይት፣ ወደ ቅቤ ሲላት ወደ ቅቤ ይሄዳል። ባልና ሚስት እንዲህ በድምፅ ክር ተሳስረው ስንት ሁዳዴ አለፈ! አንድም ሳህን አልተሳሳተም።

በ1975 ዓ.ም. ጥር ላይ በከር አንገቱ ላይ ያደገውን እንቅርት በቀዶ ሕክምና አስወጣ። ቁስሉ ዳነ፣ ድምፁ ግን አልተመለሰም። ያ መንገድ ላይ ያለን ሰው ይጠራ የነበረ ድምፅ ጆሮ ካላስጠጉ የማይሰማ ሹክሹክታ ሆኖ ቀረ።

መርካቶ የሚነግደው ታላቅ ወንድሙ ሁመድ መጣ። «በከር፣ ያለ ድምፅ ይሄ ቤት ቤት አይደለም። ሁዳዴ ከመግባቱ በፊት ድስቱንም አግዳሚውንም እንሽጠውና እኔ ሱቅ ትቀመጣለህ።»

በከር መሬት መሬት አየ። ይሄኔ የአሥራ አንድ ዓመቷ መይሙና የትምህርት ቤት ደብተሯን እንዳቀፈች «እኔ እጠራለሁ» አለች።

«አንቺ?» አለ ሁመድ። «በዚህ ሁሉ ወንድ መሐል?»

«ወንድ አይደሉም አጎቴ፣ ደንበኛ ናቸው።»

በከር ሳቀ። ድምፅ የሌለው ሳቅ ነበር፤ ትከሻው ብቻ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ወንድሙን በእጁ ጠርቶ በጆሮው «እስከ ፋሲካ እንያት» አለው። ካልሆነላት ሁመድ ድስቶቹን እንደሚወስድ ተስማምተው ተለያዩ።

መይሙና የጠዋት ፈረቃ ተማሪ ስለነበረች ስድስት ሰዓት ላይ ከትምህርት ቤት እየሮጠች ትደርሳለች። ድምፅዋ ቀጭን ነበር፣ ግን ጥርት ያለ፤ በጭስና በጫጫታ መሐል ሰንጥቆ ያልፋል። የሁለት ሰው ቁመት ያላቸው ግንበኞች ጉርሻቸውን አፋቸው ደጃፍ ላይ አቁመው ያዳምጧት ነበር።

«ጓድ መይሙና!» ይላታል የታክሲ ሾፌሩ አምሳሉ ከማዕዘኑ። «የኔ ላይ ቅቤ ካላበዛሽ ለቀበሌ አመለክታለሁ!»

«ቅቤ በኩፖን ነው ጋሼ አምሳሉ! ኩፖንዎን ያምጡ!»

የሁዳዴ ሁለት ሳምንት እንዲህ በሳቅ አለፈ። በሦስተኛው ሳምንት ሐሙስ ቀን የፍርድ ቤት ባለጉዳይ ሁሉ ቀጠሮው ተራዝሞበት ወደ በከር ቤት ጎረፈ። መይሙና ሃያ ሦስት ትዕዛዝ በልቧ ይዛ መጥራት ጀመረች። ወደ መጨረሻው ትንፋሽ አጠራት፤ ረጅሙ የጾም ዜማ ሳታውቀው ፈጥኖ ወደ ፍስኩ ተንሸራተተ። የዙሃራ እጅ እንደ ልማዱ ዜማውን ተከተለ። ቅቤ የጠጣው ሳህን ሄዶ ጋሽ ወልደገብርኤል ፊት ተቀመጠ።

ጋሽ ወልደገብርኤል የፍርድ ቤት መዝገብ ጠባቂ ናቸው። ስልሳ ዓመታቸው ነው፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ አንድም ጾም አልፈቱም። የዚያን ቀን ጉንፋን ስለያዛቸው የቅቤው ሽታ አልደረሳቸውም። ሦስተኛውን ጉርሻ ሲውጡ ግን ምላሳቸው አወቀው። አልጮኹም። ዳቦውን በቀስታ አስቀመጡ፣ ባርኔጣቸውን አደረጉ፣ ወጡ።

ቢጮኹ ይሻል ነበር። ቅዳሜ ቀትር ላይ አግዳሚው ግማሹ ባዶ ሆነ። «በከር ቤት ጾም ያስፈታሉ» የሚለው ወሬ ከፍርድ ቤቱ በር እስከ ሜክሲኮ አደባባይ ደርሶ ነበር። ሁመድም ሰምቷል። «እስከ ፋሲካ የሚባል ነገር የለም» አለ። «ሰኞ ጋሪ ይዤ እመጣለሁ።»

እሑድ መይሙና ማንንም ሳታማክር ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ወዳለው የጋሽ ወልደገብርኤል ቤት ሄደች። ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ጉልበታቸውን ሲያሹ አገኘቻቸው።

«ይቅር ይበሉኝ» አለች።

«ይቅር ብያለሁ ልጄ። ንስሐ አባቴም በየቀኑ አርባ አንድ ስግደት ሰጥተውኝ ተገላግያለሁ።»

«ጉልበትዎን እያመመዎት?»

«እያመመኝ።»

መይሙና ትንሽ አሰበች። «እኛም እንሰግዳለን እኮ። ግማሹን እኔ ልስገድልዎ?»

ሽማግሌው ሳል እስኪያቋርጣቸው ሳቁ። «ስግደት በውክልና አይሆንም፣ የኔ ልጅ!» አሉና ዓይናቸውን ጠረጉ። ከዚያ በለሰለሰ ድምፅ፣ «እውነቱን ልንገርሽ፣ ጥፋቱ ያንቺ ብቻ አይደለም። የኔ ተራ ሲደርስ ዜማው እንደተሳሳተ ሰምቼ ነበር። በሰው ዜማ መሐል ምን ብዬ ልግባ ብዬ ይሉኝታ ያዘኝ። እናትሽ ታውቀኛለች፣ ታርመዋለች ብዬ ዝም አልኩ» አሉ።

መይሙና አፏን ከፍታ አየቻቸው። ሃያ ሦስት ሰው ለብቻዋ የተሸከመች መስሏት ነበር፤ ለካ ሁሉም እየሰማት ነው! ለካ ሁሉም ያውቃል፣ የሚገባበት በር ብቻ ነው ያጣው።

«ጋሼ፣ ነገ ይምጡ» አለች። «ነገ መግቢያ አለው።»

ሰኞ ስድስት ሰዓት ላይ አሥራ አምስት ሰው ብቻ ነበር። መይሙና የለስላሳ ሳጥን ገልብጣ ወጣችበት። በከር የማድ ቤቱን በር ተደግፎ ቆሟል።

«ዛሬ ብቻዬን አልጠራም» አለች። «እኔ እጠይቃለሁ፣ እናንተ ትመልሳላችሁ። የጾም የሆነ በረጅሙ፣ የፍስክ የሆነ በአጭሩ። ያልመለሰ ፉል የለውም!»

«እንዲህ ነው እንጂ አብዮት!» አለ አምሳሉ፤ ቤቱ ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም። እጇን አነሳች።

«ከግድግዳው ጥግ ሞቅ ሞቅ ያላችሁ፣
ቅቤ ነው? እንቁላል ልጣልላችሁ?»

ሦስቱ ግንበኞች ተያዩ። አንዱ እንደ ማፈር አለ፣ አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ከዚያ ሦስቱም አንድ ላይ፣ «ሦስት ነን፣ የፍስክ ነን፣ እንቁላሉም ይግባ!» አሉ። እጇ ዞረ። የበሩ አግዳሚ በረጅሙ መለሰ፣ «አራት ነን፣ የጾም ነን፣ ቅቤው ይለፈን…» እጇ እንደገና ዞረ። የአንዱ ምላሽ ሳያልቅ ሌላው ይነሳል፣ ረጅሙ ከአጭሩ ላይ ይተኛል፣ ዳቦ የያዘ እጅ ጠረጴዛውን ይመታል። አንዱ ተሳስቶ በአጭሩ ቢጀምር ጎኑ ያለው በክርኑ ጎሽሞ ያቃናዋል። ዙሃራ ጭልፋዋን እንደያዘች ዞራ በመስኮቷ አየች። ስንት ዓመት ጀርባዋን ሰጥታ ስትሰማ ኖራ፣ ያን ቀን አለማየት አልቻለችም።

ዜማው መንገድ ላይ ወጣ። አላፊ አግዳሚው ቆመ፣ ከዚያ መግባት ጀመረ፤ አዲስ የገባው ሁሉ ሳይቀመጥ ይጠየቃል፣ ሳያስብ ይመልሳል። ሁመድ ጋሪውን አስጎትቶ ሲደርስ በሩ ላይ የቆመው ሰው አላሳልፍ አለው። ከፊቱ ባርኔጣ ያደረጉ አንድ ሽማግሌ ቆመዋል። መይሙና አየቻቸው። እጇን ዝቅ አደረገች፣ ቤቱም ከእጇ ጋር ዝቅ አለ።

«ከበሩ የቆሙት፣ ባርኔጣ ያረጉት፣
ዘይት ነው ወይ ቅቤ፣ ራስዎ ይንገሩት።»

ማንም ዳቦ አላኘከም። ጋሽ ወልደገብርኤል ባርኔጣቸውን አወለቁ። ከቅዳሴ ውጪ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማያውቁት ሰው፣ በጉንፋን በሻከረ ጉሮሮ፣ ረጅም አድርገው ጎተቱት፦ «የጾም ነኝ…»

«የጾም ናቸው!» አለ ቤቱ በሙሉ፣ ማንም ሳያዘው።

«ዘይት ገባ!» አለች ዙሃራ ከመስኮቷ። ያቺ መስኮት መልስ ስትሰጥ ያን ቀን የመጀመሪያዋ ነው።

ጋሽ ወልደገብርኤል ተቀመጡ። አንድ ጉርሻ አኝከው፣ ቆም ብለው፣ ሁለተኛውን ጠቀለሉ። ሰዉ ሁሉ አፋቸውን ያያል። ሳህኑን በዳቦ እስከ ጠርዙ ጠርገው ወደ መሐል ገፉትና «ጨምሪልኝ» አሉ።

በከር በሰው መሐል እየተጋፋ ወደ ወንድሙ መጣና አንገቱን ስቦ በጆሮው «ድምፄ ይኸው» ብሎ አንሾካሾከለት። ሁመድ ሰማ። ልጅቷን አየ፣ ሳጥኑን አየ፣ ተመልሶ ልጅቷን አየ። ከዚያ ወደ ባለጋሪው ዞሮ «ባዶህን ሂድ» አለውና አግዳሚው ጫፍ ላይ ተጋፍቶ ተቀመጠ።

የመይሙና እጅ ወደ እሱ ዞረ። «አጎቴስ?»

«የፍስክ» አለ ሁመድ ዝቅ ብሎ።

«በዜማ! በዜማ!» አለ ቤቱ።

ሁመድ ግራና ቀኙን አይቶ ጉሮሮውን ጠረገ።