ዓይን ከእኔ፣ ልብ ከአንተ

ዘንድሮም በቆሎው ደረሰ፤ ዝንጀሮውም እንደ ልማዱ ከገደሉ ይወጣል። ማማው ላይ ግን አጎቴ የሉም።

በጠላት ጊዜ፣ ከቡሬ ወዲህ ያለው የቅኔ ጉባኤ ተፈታ። መምህሩ ዱር ቤቴ ብለው ሲሸፍቱ ተማሪው ሁሉ በየአገሩ ገባ። እኩያዬ የሆነ አንድ ዓይነ ስውር ተማሪ ብቻ ቀረ። "ዳዊት የሚያነብልኝ ጓደኛዬ ሄደ። እንግዲህ ገበያ ወርጄ ልለምን" አለ።

አጎቴ ተቆጡ። "አንድ በሬ ያለው ገበሬ ከጎረቤቱ ተቀናጅቶ ያርስ የለም እንዴ? እኛም እንቀናጅ፤ ዓይን ከእኔ፣ ልብ ከአንተ።"

ከዚያ ወዲያ በቆሎ ሲጠብቁ ማማው ላይ አብረው ይውላሉ። እሳቸው አንድ መስመር ያነባሉ፤ እሱ ይቀበላቸዋል። ዝንጀሮ ሲመጣ አጎቴ ዳዊቱን አስቀምጠው፣ ወንጭፋቸውን ይዘው ይሮጣሉ፤ እሱም ያቋረጡበትን ቃል በአፉ ይዞ እስኪመለሱ ይጠብቃል። የዳር ዳሩን በቆሎማ ዝንጀሮ ጨረሰው። "ይብላ፤ ዳዊቱን አይበላብን" ይሉ ነበር።

በአርባቸው ዕለት ያ ተማሪ፣ ዛሬ መሪጌታ ሆኖ፣ ከግሽ ዓባይ ድረስ መጣ። መቃብራቸው ላይ ዳዊት ሲደግም ከመሐል ቆመ። የጠፋው መስሏቸው አንድ ቄስ ቀጣዩን ቃል አቀበሉት።

"አልጠፋኝም አባ" አላቸው። "እዚህ ላይ ዝንጀሮ መጥቶባቸው ነበር። እስኪመለሱ ልጠብቃቸው ብዬ ነው።"