በበረዶ የታሰረችው ካርድ

በአክረን ከተማ፣ በሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ እትዬ ቨርና ቦልደንን የማያውቅ አልነበረም። አንሶላ ስታጥፍ ጫፉን ከጫፉ ታገጥምና፣ የታመመ ልጅ እንደምታስተኛ ሁሉ በመዳፏ ዳብሳ ታስቀምጠዋለች። ሌላውን ጫፍ የምይዘው እኔ ነበርኩ። በዚያ ዘመን የምትኖረው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ጉልበቷ ግን ከደረጃ ጋር ከተጣላ ቆይቷል። ማታ ማታ በየመታጠፊያው ቆማ እያረፈች ነበር የምትወጣው።

የሚስተር ህሩስካ የሚከራይ ምድር ቤት በመጪው ሰኔ ሊለቀቅ ነው ሲባል ሄደን አየነው። በሩ ከመንገዱ እኩል ነው፤ አንድም ደረጃ የለውም። እትዬ ቨርና ገባች፣ ወጣች፣ ደግማ ገባች። ሰውዬው ግን የብድር ነጥቧን፣ ዕዳ በመክፈል ምን ያህል እንደምትታመን የሚለካውን ቁጥር፣ አስፈትሾ በማግስቱ ደወለላት።

«ወይዘሮ ቦልደን፣ እኔ እርስዎን አውቃለሁ፤ በዚህ ነጥብ ግን ባለቤቴ እሺ አትለኝም። እስከ ሰኔ ትንሽ ከፍ ያድርጉትና ይምጡ።»

ነጥቡን የጣለው ወንድሟ ሮስኮ ነው። ፒክአፕ መኪና በብድር ሲገዛ ዋስ ሆነችው፤ እሱ መኪናውንም ዕዳውንም ለእሷ ትቶ አትላንታ ገባ።

«ወንድም ነው፣ ምን ላድርግ?» ትላለች። «መኪናው እንኳ ቀለሙ ያስጠላ ነበር።»

ነጥብ የሚጠገነው በብድር መግዣ ካርድ ነው ተባለች። በፖስታ የመጣ አንድ ካርድ ነበር፤ «ተቀብለንሻል!» ይላል፣ መያዣም አይጠይቅም። ለመክፈቻ፣ ለዓመት፣ ለወር እያለ የሚቆርጠው ክፍያ ግን በደቃቅ ፊደል ከሥር ተጽፏል። ሌላው የሠራተኞቹ ቁጠባና ብድር ማኅበር ካርድ ነው፤ ሦስት መቶ ዶላር መያዣ ታስቀምጪያለሽ፣ ያንኑ ያህል ትበደሪያለሽ።

«የራሴን ገንዘብ ሰጥቼ የራሴን ገንዘብ ልበደር?» አለቻት የማኅበሩን ጸሐፊ ሮንዳን።

«እትዬ ቨርና፣ አበዳሪ እኮ አንዴ እንደተነከሰ ሰው ነው። ውሻ ሁሉ ያስፈራዋል።»

«እኔ ነኝ ውሻዋ?»

«ኧረ ውሻው ሮስኮ ነው! አንቺ ገመዱን ይዘሽ ተገኘሽ እንጂ።»

ሳቀች። የፖስታውን ካርድ ቀዳ ጣለችና መያዣውን ከፈለች።

ካርዷ በመጣች ዕለት በጣሳ ውሃ ውስጥ ከታ ከማቀዝቀዣው በረዶ ቤት አስገባቻት። የእኛ ሰፈር ሴቶች ብዙዎቹ እንዲያ ያደርጉ ነበር፤ በረዶው እስኪቀልጥ የመግዛት አምሮቱ ያልፋል ይባላል። እትዬ ቨርና ግን ጨርሳ አላወጣቻትም። ጫማዋ ተቀዶ የመንገዱ በረዶ እግሯን ሲያረጥባት እንኳ አልነካቻትም። እንደ ጾም ነበር የያዘችው።

የገና በዓል ካለፈ በኋላ ሮንዳ ዘንድ ሄድን። ነጥቡ ከነበረበት ንቅንቅ አላለም።

«ምን ምን ገዛሽበት?»

«ምንም! አንዲት ሳንቲም አልነካሁም» አለች እትዬ ቨርና፣ ቀና ብላ።

ሮንዳ ብዕሯን አስቀመጠች። «እናቴ፣ ሰው የሚታመነው ተበድሮ ሲመልስ ነው። አንቺ መች ተበደርሽ? ስለ አንቺ የምናወራው አጣን።»

«ታዲያ ራሴን መግዛቴ አይቆጠርም?»

«እግዜር ዘንድ ይቆጠራል። ለእኛ ግን የሳምንቱን ቀለብ ግዢበትና፣ ሂሳቡ ሲመጣ ሙሉውን ክፈይ።»

አውቶቡስ ስንጠብቅ፣ «በዚህ ዕድሜዬ ጥሩ መሆንም አዲስ ትምህርት ሆነብኝ» አለች።

ከዚያ ወዲያ ዓርብ ዓርብ ጎመንና የዶሮ ክንፍ በካርዷ ትገዛ ጀመር። ከገንዘብ ተቀባይዋ ፊት ስትቆም የሰረቀች ይመስል ዙሪያዋን ትቃኛለች። ሂሳቡ በደረሰ ዕለት ደግሞ ከሥራ በቀጥታ ሄዳ ትከፍላለች፤ ነገ አትልም። ነጥቡ እንደ ሽማግሌ እያረፈ ወጣ።

በሰኔ ሚስተር ህሩስካ፣ «ይምጡ» አላት። ፍራሹን፣ ድስቶቹን፣ የእናቷን ወንበር ከሦስተኛ ፎቅ አወረድን። የመጨረሻውን ካርቶን ይዤ ስገባ እትዬ ቨርና ጫማዋን ሳታወልቅ ከተጠቀለለው ምንጣፍ ላይ ተቀምጣለች። በሩ እንደተከፈተ ነው፤ ከመንገዱ የልጆች ድምፅ ይሰማል።

«ምነው እትዬ፣ ደስ አላለሽም?»

«ደክሞኛል፣ ልጄ» አለች ዓይኗን ሳትገልጥ። «ነገ ደስ ይለኛል።»